የሁለት ሰው ነፋስ

«ስንት ነው?» ሲሉ ጮኹ አባባ ግራሲያን ከጀልባዋ ጀርባ፣ መሪውን መቅዘፊያ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው።

የልጅ ልጃቸው ቤኔት ለመመለስ አልቸኮለም። ከጀልባዋ ጎን ወደ ባሕሩ በተዘረጉት ሁለት ቆልማማ እንጨቶች ላይ ቆሞ፣ ከምሰሶው ጫፍ የወረደውን ገመድ በአንድ እጁ ጨብጧል። በእንጨቶቹ ጫፍ የታሰረው ወፍራም ግንድ ከእግሩ ሥር ውሃውን እየሰነጠቀ ይሄዳል። ነፋሱ ሸራውን ገፋ ሲያደርገው ጀልባዋ ታዘነብላለች፣ ግንዱም ከውሃው ብድግ ይላል። ያን ጊዜ ቤኔት አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ይራመዳል፤ ግንዱም በክብደቱ ተመልሶ ውሃው ላይ ቁጭ ይላል።

«አንድ ሰው ከግማሽ!» አለ በመጨረሻ።

ጀልባዋ ውስጥ የገባውን ውሃ በቆርቆሮ እየቀዳ የሚደፋው ሱጂት በሳቅ ፈረሰ። ሱጂት የጎረቤት ልጅ ነው። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሞልቶት ጢሙ ማቀምቀም ከጀመረ ወዲህ ቤኔትን «ሕፃኑ» ማለት ያበዛል።

«ግማሹ አንተ ነህ ማለት ነው?»

«አይ፣ አንዱ እኔ ነኝ። ግማሹ አንተ።»

«አቦ ላሽ በል! ባለፈው ዓመት አያትህ እግር ላይ ያስመለሰው ማን ነበር?»

«እሱ ዓሣው ነው። ባሕሩ ምን አደረገኝ?»

«ዝም በሉ እናንተ» አሉ አባባ ግራሲያን፤ «ሸራው የሚለውን ልስማበት።»

በዚያ ዘመን በዓሣ አጥማጆቹ ከተማ በኔጎምቦ ባሕር ዳር ነፋስ የሚቆጠረው በሰው ነበር። ግንዱን ውሃው ላይ ለማስቀመጥ አንድ ሰው እንጨቱ ላይ መውጣት ካለበት፣ የአንድ ሰው ነፋስ ነው፤ ሁለት ካስፈለገ የሁለት ሰው። የሦስት ሰው ነፋስ ሲሆን ልብ ያለው ሸራውን አውርዶ ሻዩን ይጠጣል። የአራት ሰው ነፋስ የተባለ እንደሆነ እናቶች የዓሣ ቅርጫታቸውን ጥለው ሻማ ለማብራት ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሮጡ ነበር። ቁጥሩን የሚጠራው ደግሞ መሪው አይደለም፤ እንጨቱ ላይ ያለው ሰው ነው። እግሩ የነገረውን፣ ዓይኑ ያየውን ይጠራል። መሪው የቱንም ያህል ሽማግሌ ቢሆን ከእንጨቱ ላይ በመጣ ቁጥር አይከራከርም። ልጅ ግን ግማሽ ሰው ተብሎ ይታሰባል። ቤኔት ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር፤ ያቺ ግማሽ የምትባል ነገር እንደ እሾህ ትወጋው ነበር።

ያን ሰሞን በሸራ የሚወጡት ጀልባዎች በጣት የሚቆጠሩ ሆነዋል። በዛፍ ቅርፊት ተቀቅለው ቡናማ ቀለም ያወጡት የድሮ ሸራዎች፣ ገሚሶቹ የዶሮ ቤት ጣሪያ ሆነው ቀርተዋል። የቤኔት አባት ሚልሮይ እንኳ ቀይ የሞተር ጀልባ ገዝቶ ነበር። አባባ ግራሲያን ግን «ሞተር ይገማል፤ ዓሣ ደግሞ አፍንጫ አለው» እያሉ በአሮጊቷ ጀልባቸው፣ በሳንታ አና፣ መውጣቱን አልተዉም። ሚልሮይ አባቱን ፊት ለፊት ደፍሮ አይናገርም። ለሚስቱ ለፊሎሚና ሲነግራት ግን ቤኔት ሰምቷል፦ «ዓይናቸው የደከመ ቀን ያ ሸራ ይታጠፋል። አያቴን ይሄ ባሕር በልቶታል፤ አባቴን አልጨምርለትም።»

ቤኔት በዚህ አይጨነቅም ነበር። ያን ባሕር እንደ አያቱ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ከገና ወዲህ እሱን ማስተማር ጀምረዋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ቤት ሲመለሱ ጥያቄ በጥያቄ ያደርጉታል።

«ማማው ከየትኛው ኮኮናት ጋር ገጠመ?»

«ከመንታው ጋር፣ አባባ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ትንሽ ወደ ቀኝ። ማማው ከጎባጣው ኮኮናት ጋር ሲገጥም ቀጥ ብለን እንገባለን።»

«ጎበዝ!»

ከባሕር ዳሩ ፊት ለፊት፣ ውሃው ሥር የተጋደመ ረጅም ዓለት አለ። ማዕበሉ እሱ ላይ እየተሰበረ ቀኑን ሙሉ ነጭ አረፋ ይተፋል። መግቢያው አንድ ጠባብ በር ብቻ ነው፤ በሩን የሚያሳየውም የቤተ ክርስቲያኑ ማማና ያ ጎባጣ ዛፍ ነው። ቤኔት አንድም ቀን አልሳተም። በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ሰምቶት የማያውቀውን «ጎበዝ» ባሕር ላይ ጠግቦ እየሰማ ይመለስ ነበር።

ያን ቀንም ጥያቄው ገና ሳይጀመር፣ የአባቱ ቀይ ጀልባ ከፊታቸው ታየች። ሚልሮይ ሞተሩን አጥፍቶ መረብ እየሳበ ነበር። ሳንታ አና ቀጥ ብላ ወደ እሱ ሄደች። ቤኔት አያቱ ልጃቸውን ሊያስደነግጡ የፈለጉ መስሎት ፈገግ አለ። ትንሽ ቆይቶ ፈገግታው ጠፋ። ሚልሮይ መረቡን ለቅቆ በፉጨት ተጣራ፤ ሁለት እጁን አወናጨፈ።

«አባባ! የአባዬ ጀልባ!»

አባባ ግራሲያን መቅዘፊያውን በደረታቸው ገፉት። ሳንታ አና የአንድ ክንድ ያህል ርቀት ትታ በቀይዋ ጀልባ ጎን ሽው ብላ አለፈች።

«ምን ነካዎት አባባ?» ብሎ ጮኸ ሚልሮይ።

«ልብህ በቦታው መኖሩን ልይ ብዬ ነው!» አሉ ሽማግሌው፤ ሁሉም ሳቀ።

ቤኔት አልሳቀም። አያቱ ያን ሲናገሩ ፊታቸውን ያዞሩት ሚልሮይ ወዳለበት አልነበረም። ማንም ወደሌለበት፣ ወደ ባዶው ባሕር ነበር።

ባሕር ዳሩ ላይ ሱጂት ዓሣውን ይዞ ወደ ሴቶቹ ሄደ፤ ሁለቱ ሸራውን ለማጠፍ ቀሩ። ቤኔት በአያቱ ፊት ለፊት ቆመና አምስት ጣቱን ዘርግቶ ፊታቸው ላይ ያዘ። አባባ ግራሲያን ገመዱን መጠቅለላቸውን ቀጠሉ።

«እጅህን አውርድ» አሉት ቀና ሳይሉ። «ነፋሱን ከለከልከኝ።»

«አባባ... አያዩም እንዴ?»

«ዳር ዳሩ ይታየኛል። መሐሉ ነው የጠፋብኝ። ያንተንም ፊት ለማየት ጆሮህን ማየት አለብኝ።» ሳቅ አሉ፤ ሳቃቸው ግን አልዘለቀም።

ቤኔት ያን ሁሉ ጥያቄ አስታወሰ፤ ማማው የት ደረሰ፣ ያ ወፍ የሚያንዣብበው በየት በኩል ነው፣ ውሃው ምን መልክ አለው። «ታዲያ... ሲያስተምሩኝ የነበረው?»

«ጎበዝ ተማሪ ነበርክ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

ፈተና አልነበረም ማለት ነው። መልሱን ስለማያውቁት ነበር የሚጠይቁት። ቤኔት በመጀመሪያ ተናደደ፤ የተታለለ መሰለው። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ ያቺን ጀልባ በዚያ ጠባብ በር ሲያስገባ የኖረው ራሱ መሆኑ ሲገባው፣ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀው።

«እስከ ፋሲካ ብቻ» አሉት። «ከፋሲካ በኋላ ክረምቱ ይገባል፤ ሸራውን በገዛ እጄ አጥፌ አስቀምጣለሁ። እስከዚያ ለአባትህ...»

«ሆድ ይፍጀው፣ አባባ» አለ ቤኔት።

ዛሬ ቤኔት ራሱ ልጆች አድርሷል፤ ግን ስለዚያ ሰሞን ሲያወራ ድምፁ ይለሰልሳል። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ወርውሮ ወደ ጀልባዋ ይሮጥ ነበር። በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለውን ሩዝና ዓሣ ሦስት ሆነው ባሕር ላይ ይበላሉ፤ አያቱ በደህናው ነፋስ ጊዜ የድሮ የመርከበኞች መዝሙር ያንጎራጉራሉ፤ ሸራው ከራሳቸው በላይ ያንኳኳል። ቤኔት ማየት የሚባለውን ነገር በዚያን ጊዜ ነው የተማረው። ከደመናው ቀለም፣ ከውሃው መሸብሸብ፣ ከሩቅ ጀልባ ማዘንበል አንዳች አያመልጠውም፤ ሁሉንም በአጭር ቃል ለአያቱ ያቀብላቸዋል። ሱጂት «ይሄ ልጅ ደግሞ ወሬኛ ሆነ» ከማለት በቀር አንዳች አልጠረጠረም።

እንዲህ እያለ የሕማማት ሳምንት ደረሰ። ከሐሙስ ጀምሮ ማንም ወደ ባሕር አይወጣም፤ ስለዚህ ረቡዕ የሳንታ አና የመጨረሻ ቀን ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር፣ ጠዋት ጀልባዋን ሊገፉ ሲሉ አባባ ግራሲያን መረብ ወደሚጠግኑት ወንዶች ዞር አሉ።

«ስሙኝማ! ከዛሬ ጀምሮ ይሄ ልጅ ሙሉ ሰው ነው። ግማሽ የሚለውን የሰማሁት እንደሆነ በመቅዘፊያ ነው የምለው!»

ወንዶቹ አጨበጨቡ። ሱጂት የቤኔትን ጀርባ መታ አደረገና «እንኳን ደስ ያለህ፣ ሕፃኑ» አለው። ቤኔት የሚገባበት ጠፋው።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ፣ ቤኔት እንጨቱ ላይ ቆሞ ወደ ኋላ ቢያይ፣ ሰማይና ባሕር ከሚጋጠሙበት ጥቁር መስመር ተነስቶ ሲመጣ አየ። ከመስመሩ ሥር ውሃው ተሸብሽቧል፤ ጫፍ ጫፉ ነጭ ጥርስ አብቅሏል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገውም። የሦስት ሰው ነፋስ ነው።

ሦስት ብሎ ከጠራ ሸራው ይወርዳል። እንጨቱ ላይ መውጣት የሚችሉት እሱና ሱጂት ብቻ ናቸውና። ሸራው ከወረደ ደግሞ ከዓለቱ ወዲያ ቆመው፣ የአባቱ ሞተር መጥቶ በገመድ እስኪጎትታቸው መጠበቅ አለባቸው። በመጨረሻው ቀን፣ ባሕር ዳር ላይ የቆመው ሰው ሁሉ እያየ፣ ሳንታ አና እንደ ታሰረች ፍየል እየተጎተተች ልትገባ ነው። አያቱ ከጀርባ ሆነው ያንጎራጉራሉ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት!» አለ ቤኔት።

«ሁለት ከሆነ ሱጂት ውጣ! አምረን እንግባ!»

ሱጂት ቆርቆሮውን ጥሎ ወደ እንጨቱ ወጣ። በመጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ። ጀልባዋ ከነፈች፣ ሱጂት በደስታ ጮኸ፣ ጨው ያለው ውሃ ፊታቸውን ገረፈው። ከዚያ ነፋሱ ደረሰ። ግንዱ ሁለቱን ተሸክሞ ከባሕሩ ተነሳ፤ ከእግራቸው ሥር ውሃ ሳይሆን አየር ሆነ። የታሰሩት ገመዶች አቃሰቱ።

«ይሄ ሁለት አይደለም!» አሉ አባባ ግራሲያን። ወዲያው የሸራውን ገመድ አላሉት፤ ግንዱ ተመልሶ ውሃውን በጥፊ መታው። ሸራውን ማውረድ ግን አሁን አይቻልም። ነጩ አረፋ ቀርቧል፤ ሸራ የሌላትን ጀልባ ማዕበሉ አንስቶ ዓለቱ ላይ ያፈርጣታል። በበሩ መግባት ብቻ ነው የቀረው።

የአያቱ አፍ ሲንቀሳቀስ ቤኔት አየ። ስለ ማማው እየጠየቁት እንደሆነ ገባው። ማማው ከመንታው ኮኮናት ጋር ነበር። «ቀኝ!» ብሎ ጮኸ፤ ነፋሱ ቃሉን ከአፉ ነጥቆ ወደ ፊት ይዞት ሄደ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ እሱ አዘንብለው ይጠብቃሉ፤ መቅዘፊያው አልተንቀሳቀሰም።

ቤኔት ወደ እሳቸው ሊሄድ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ተራመደ። ግንዱ ዘለለ፤ ጀልባዋ ልትገለበጥ ተጋደመች። ደንግጦ ወደ ቦታው ተመለሰ። ክብደቱ የሚፈለገው እዚህ ነው፤ ዓይኑ የሚፈለገው እዚያ ነው።

«ሱጂት! ወደ ቀኝ በላቸው!»

ለጀልባዋ ቀረብ ብሎ የቆመው ሱጂት ዞሮ አፈጠጠበት። «እያዩት አይደል እንዴ!»

«አያዩም! አባባ አያዩም፣ ዓይናቸው ጠፍቷል! ቀኝ በላቸው!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሱጂት ፊት አመድ መሰለ፤ ቢሆንም ለመደንገጥ እንኳ ጊዜ አላጠፋም። አንገቱን ወደ ጀርባ አዙሮ አገሳ፦ «ቀኝ አባባ! ቀኝ!»

መቅዘፊያው ተንቀሳቀሰ። ቤኔት ያያል፣ ሱጂት ይጮኻል፣ ሽማግሌው ይገፋሉ። «ገና! ገና! ትንሽ! በቃ!» ማማው ወደ ጎባጣው ኮኮናት ተንሸራተተና ገጠመ። ትልቅ ማዕበል ከኋላ አነሳቸው። አባባ ግራሲያን ማዕበሉን በወገባቸው እየለኩ ጀልባዋን ቀጥ አድርገው ያዟት፤ የግራው ዓለትም የቀኙም ዓለት በአረፋ ውስጥ ጥቁር ሆነው አለፉ። ከዚያ ውሃው በድንገት ዝም አለ። ውስጥ ነበሩ።

ሚልሮይ ውሃው እስከ ደረቱ ገብቶ ነበር የተቀበላቸው። ጀልባዋን አሸዋው ላይ ካወጡ በኋላ ማንንም ሳያይ ጠየቀ።

«ነፋሱን ማን ቆጠረው?»

«እኔ» አለ ቤኔት።

«ስንት አልክ?»

«ሁለት።»

«መጀመሪያ ሁለት ነበር፣ ጋሼ ሚልሮይ» ብሎ ጣልቃ ገባ ሱጂት። «በኋላ ነው የጨመረው።» ሚልሮይ ሁለቱንም በየተራ አያቸውና ወደ ሞተሩ ሄደ። ሱጂት ወደ ቤኔት ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እሺ? በዚያ ሁሉ ነፋስ ማን ምን ይሰማል?»

ሱጂት ሲሄድ ቤኔት ከአያቱ አጠገብ ተቀመጠ። የሽማግሌው ፊት እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አየህ እንዴት እንደገባን?» አሉት። «ክረምቱ እስኪጠነክር እኮ ከፋሲካ በኋላም ሁለት ሳምንት ይገኛል። አንተ ካለህልኝ ምን እሆናለሁ? ባይሆን ሌላ ሰው እንጨምራለን።»

ቤኔት ከዚያ የበለጠ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። «እሺ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር።

«አባባ» አለ፤ «ሁለት አልነበረም። ሦስት መሆኑን አይቻለሁ። እያየሁ ነው ሁለት ያልኩት።»

አባባ ግራሲያን ከእግራቸው ሥር ያለውን አሸዋ ዘገኑና በጣታቸው መሐል አፈሰሱት።

«ለምን?»

«በሞተር ተጎትተን እንዳንገባ። እርስዎ ደስ ብሎዎት ነበር።»

«እኔም በልጅነቴ ብሆን ሁለት ነበር የምለው» አሉ ሽማግሌው።

«ድሮ ቢሆን ኖሮ ዘወር ብለው አይተው በጥፊ ይሉኝ ነበር።» አለ ቤኔት። «አሁን ግን ስዋሽ አይይዙኝም፣ አባባ። ያልኩትን ሁሉ ያምናሉ።»

ከሩቅ የሴቶቹ ሳቅ ይሰማል፤ የደረቀ ዓሣ ከምንጣፉ ላይ እየሰበሰቡ ነው። ቤኔት ተነስቶ አሸዋውን ከቁምጣው ላይ አራገፈ።

«ለአባዬ ልነግረው ነው። ከፈለጉ አብረን እንሂድ።»

አያቱ የማይነሱ መሰለው። በዚያ ባሕር ዳር አባባ ግራሲያንን ደግፎ ያያቸው ሰው የለም፤ በበሽታ ጊዜ እንኳ ካህኑ እጃቸውን ሊይዙ ቢሉ ያስለቀቁ ሰው ናቸው። ቆይተው በጉልበታቸው ተደግፈው ተነሱ። ወዲያና ወዲህ ጥቂት ዳበሱና እጃቸውን የልጁ ትከሻ ላይ አሳረፉ። ከባድ እጅ ነበር።

ሁለቱ በቀን ብርሃን በሰው መሐል መሄድ ጀመሩ። መረብ የሚጠግኑት ወንዶች ሥራቸውን ገታ አድርገው አዩአቸው። ሱጂት ውሃ ሊጠጣ ያነሳውን ጣሳ እንደያዘ ቀረ። ሚልሮይ ከሞተሩ ላይ ቀና አለ፤ ያ እጅ ያረፈበትን ቦታ ሲያይ መፍቻውን አስቀምጦ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ገመድ አለ፣ አባባ» አለ ቤኔት። «እግርዎን ከፍ ያድርጉ።»

አባባ ግራሲያን እግራቸውን ከፍ አድርገው ተሻገሩ።